የጨቅላ ሕፃን የአንጎል ደም ፍሰትን በዶፕለር አልትራሳውንድ መለካት፦ ደረጃ በደረጃ

በእርግብግቢት በኩል የጨቅላን አንጎል ማየት የለመደ ባለሙያ እንኳ ዶፕለር ሲከፍት ቁጥሩ አልጨበጥ ይለዋል። የአንዱ ሕፃን አር አይ (ደም ቅዳው ለፍሰቱ ያለውን ተቃውሞ የሚያሳይ ጥምርታ) በደቂቃዎች ልዩነት አንዴ 0.68፣ አንዴ 0.84 ይወጣል፤ የቱ እንደሚታመንም አይታወቅም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ በዲያስቶል (ልብ በሁለት ምት መካከል የሚላላበት ጊዜ) መጨረሻ ላይ ያለው ዝቅተኛ ፍሰት። የእጅ ጫና፣ ከፍ ያለ ፊልተር (ዝግተኛ ፍሰትን የሚቆርጥ የማሽኑ ማጣሪያ)፣ የተጣመመ አንግል፣ የሕፃኑ ለቅሶ፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚያበላሹት እሱን ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህን ፍሰት ሳይጠፋ ለመያዝ የተቀመጡ ናቸው። መመሪያው የጨቅላ ጭንቅላት አልትራሳውንድ መሠረታዊ ሥልጠና ላላቸው ባለሙያዎች ነው።

ምን እንደምትለኩ አስቀድማችሁ እወቁ

ዶፕለር የሚነግራችሁ የደሙን ፍጥነት ነው፤ በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር ደም አንጎል እንደደረሰ አይነግራችሁም። መጠኑን ለማስላት የደም ቅዳው ውፍረት በትክክል መታወቅ አለበት፤ የጨቅላ የአንጎል ደም ቅዳ ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። 1.0 ሚሊ ሜትር የሆነውን 1.1 ብላችሁ ብትለኩ ስሌቱ በ21 በመቶ ይዛባል። ስለዚህ ሪፖርት ላይ ሚሊ ሊትር አትጻፉ። የምትጽፉት እነዚህን ነው፦

- የሲስቶል (ልብ ደም የሚገፋበት ጊዜ) ጫፍ ፍጥነት
- የዲያስቶል መጨረሻ ፍጥነት
- የአንድ ምት አማካይ ፍጥነት
- አር አይ፦ ከሲስቶል ጫፍ የዲያስቶል መጨረሻ ተቀንሶ፣ ውጤቱ ለሲስቶል ጫፍ ሲካፈል

ለምሳሌ ሲስቶል 40፣ ዲያስቶል 12 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ከሆነ አር አይ 28 ÷ 40 = 0.70 ነው። በጫና ምክንያት ዲያስቶል ወደ 6 ቢወርድ 0.85 ይሆናል። ሕፃኑ ላይ አንዳች ለውጥ ሳይኖር ሪፖርቱ ከጤናማ ወደ አሳሳቢ ተለወጠ ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ መሣሪያውን አዘጋጁ

1. ፊቱ ትንሽ የሆነ ሴክተር ወይም ማይክሮኮንቬክስ ፕሮብ (ሕፃኑ ላይ የሚያርፈው የማሽኑ ክፍል) ምረጡ። ጊዜውን ጠብቆ ለተወለደ ከ5 እስከ 8 ሜጋኸርዝ፣ ያለጊዜው ለተወለደ ከ7 እስከ 10 ሜጋኸርዝ ይበቃል። ከራስ ቅሉ ሥር ላለው ትልቁ ደም መልስ ከ10 ሜጋኸርዝ በላይ የሆነ ሊኒየር ፕሮብ አጠገባችሁ ይኑር።

2. ማሽኑን በጨቅላ ጭንቅላት ፕሪሴት ክፈቱ። የአዋቂ ልብ ወይም የአዋቂ ጭንቅላት ፕሪሴት አትጠቀሙ፤ ኃይሉም ፊልተሩም ለጨቅላ ከሚገባው በላይ ይሆናል።

3. ዎል ፊልተሩን ማሽኑ ወደሚፈቅደው ዝቅተኛ ቁጥር አውርዱ፤ 50 ኸርዝ ጥሩ መነሻ ነው። ይህን አትዝለሉ። በ5 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮብ ላይ 400 ኸርዝ ፊልተር ከ6 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ በታች ያለውን ፍሰት ሁሉ ያጠፋል። የአንድ ትንሽ ጨቅላ ዲያስቶል 5 ቢሆን ስክሪኑ ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ አር አይ 1.0 ይወጣል፤ ሕፃኑም የሌለበት በሽታ ይለጠፍበታል።

4. የቀለም ዶፕለሩን የፍጥነት ስኬል ለደም ቅዳ ከ10 እስከ 20፣ ለደም መልስ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ላይ አድርጉ።

5. የሳምፕል ጌቱን (ፍጥነቱ የሚለካበትን ትንሽ መስኮት) ስፋት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር አድርጉ።

6. የስክሪኑን የሙቀት ኢንዴክስ ተመልከቱ። ከ0.7 በታች ማቆየት ከቻላችሁ ያንን አድርጉ፤ ከዚያ በላይ ከሄደ የምርመራውን ጊዜ አሳጥሩ። በጎን በኩል አጥንት አልፋችሁ ስትለኩ ለራስ ቅል አጥንት የተዘጋጀውን የሙቀት ኢንዴክስ አንብቡ። ፐልስድ ዶፕለር (የፍጥነቱን ሞገድ የሚስለው አሠራር) ኃይሉን አንድ ቦታ ላይ ስለሚያተኩር ጌቱን በቀለም ምስል አስተካክላችሁ ካበቃችሁ በኋላ ብቻ ክፈቱት፤ ሞገዱ እንደተያዘ ፍሪዝ አድርጉ። ካሊፐር የምታስቀምጡት ፍሪዝ ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ ሕፃኑን አዘጋጁ

1. እጃችሁን ታጠቡ። ፕሮቡንና ገመዱን የፕሮቡ አምራች በፈቀደው ማጽጃ ጥረጉ፤ አንዳንዱ ፕሮብ በአልኮል ይበላሻል። ሲያስፈልግ ንጹሕ ሽፋን አልብሱት።

2. ለጨቅላ፣ በተለይ ያለጊዜው ለተወለደ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ስቴራይል ጄል ክፈቱ። ከትልቅ ዕቃ እየተገለበጠ የሚሞላ ጠርሙስ ባክቴሪያ ያረባል። ከመክፈታችሁ በፊት ፓኬቱን በእጃችሁ አሙቁት፤ ቀዝቃዛ ጄል ሕፃኑን ያስለቅሳል፣ የሰውነቱንም ሙቀት ያወርዳል።

3. ኢንኩቤተር ውስጥ ካለ በእጅ ማስገቢያው በኩል ሥሩ፤ ዋናውን በር አትክፈቱ።

4. ጭንቅላቱን መሐል ላይ አስተካክሉ። አንገት ወደ ጎን ሲጠመዘዝ የአንገቱ ደም መልስ ይጫናል፤ ከአንጎል የሚመለሰው ደምም ይለወጣል።

5. ሕፃኑ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ለቅሶ፣ የአየር ቧንቧ ሳክሽን፣ መርፌ፣ ዳይፐር መለወጥ፣ ሁሉም ንባቡን ይለውጣሉ። ከነዚህ አንዱ አሁን ከተፈጸመ፣ የልብ ምቱና ሳቹሬሽኑ (የደሙ የኦክስጅን መጠን) ወደ ነበሩበት እስኪመለሱ ፕሮቡን አታስቀምጡ። ከተቻለ ከነርሷ ጋር ተነጋግራችሁ ምርመራውን ከሌላው እንክብካቤ አስቀድሙት።

6. በምርመራው መሐል ሳቹሬሽን ወይም የልብ ምት ከወረደ ፕሮቡን አንሡና አቁሙ። ልኬቱ ይደርሳል።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ ያለ ዶፕለር እዩ

የፊተኛውን እርግብግቢት ተጠቅማችሁ አንጎሉን በሁለቱም አቅጣጫ፣ ከጆሮ ወደ ጆሮና ከፊት ወደ ኋላ፣ ቃኙ። የአንጎል ውስጥ መድማት፣ የሰፋ ቬንትሪክል (በአንጎል ውስጥ ያለ የፈሳሽ ክፍተት)፣ እብጠት ካለ ከዶፕለሩ በፊት መታወቅ አለበት፤ ካላወቃችሁት አር አዩን የምታዛምዱበት ነገር አይኖራችሁም። ከፊት ወደ ኋላ በሚታየው ምስል የሕፃኑ ፊት ወደ ስክሪኑ ግራ መዞሩን አረጋግጡ።

ደረጃ 4፦ የፊተኛው የአንጎል ደም ቅዳ

ለማግኘት ቀላል ነው፤ አንግሉም ከሞላ ጎደል ዜሮ ነው። አንድ ደም ቅዳ ብቻ የመለካት ጊዜ ካላችሁ ይህን ለኩ።

1. ፕሮቡን እንደ እስክሪብቶ ያዙት፤ የእጃችሁን ጠርዝ ፍራሹ ላይ ወይም በሕፃኑ ራስ ጎን ላይ አሳርፉ። ክብደቱን የሚሸከመው እጃችሁ እንጂ እርግብግቢቱ መሆን የለበትም።

2. ጄሉን አብዙ። በፕሮቡና በቆዳው መካከል ቀጭን የጄል ሽፋን መታየት አለበት። ካልታየ እየተጫናችሁ ነው።

3. ከፊት ወደ ኋላ በትክክል መሐሉን ፈልጉ። ኮርፐስ ካሎሰም (ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው ድልድይ) ቅስት ሆኖ ከነሙሉ ርዝመቱ ሲታይ መሐሉ ላይ ናችሁ። የጎን ቬንትሪክል ከታየ ወደ ጎን ወጥታችኋል፤ ፕሮቡን ሳታንሸራትቱ በትንሹ ብቻ አዘንብሉት።

4. የቀለም ሳጥኑን አጥብባችሁ ከኮርፐስ ካሎሰም የፊት መታጠፊያ በታችና ፊት ለፊቱ ላይ አስቀምጡ። ሳጥኑ ሲሰፋ ምስሉ ይዘገያል፤ ሕፃኑ ሲንቀሳቀስ ደም ቅዳው ይጠፋችኋል።

5. ወደ ፕሮቡ የሚወጣው ደም በተለመደው አሠራር ቀይ ሆኖ ይታያል። ጌቱን አስቀምጡ፤ ቦታው ደም ቅዳው ቀጥ ብሎ የሚወጣበት፣ መታጠፊያው ላይ ከመድረሱ በፊት ያለው ክፍል ነው። መታጠፊያው ላይ ደሙ ከጨረሩ ጋር መስቀለኛ ስለሚሆን ቀለም እንኳ ሊጠፋ ይችላል።

6. ፐልስድ ዶፕለር ክፈቱ። ስኬሉን ሞገዱ ከስክሪኑ ቁመት ሁለት ሦስተኛውን እንዲይዝ አስተካክሉ። ፒ አር ኤፍ (ማሽኑ በሰከንድ የሚልከው የድምፅ ምት ብዛት) ስትጨምሩ አንዳንድ ማሽን ፊልተሩንም ሳይነግራችሁ አብሮ ያሳድጋል፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ የፊልተሩን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡ።

7. ጌይኑን (የምልክቱን ማጉያ) ከጀርባ ያለው ጉም እስኪጠፋ ቀንሱ፤ የሞገዱ ጠርዝ ግን አይቆረጥ።

8. የጫና ፍተሻ፦ ሞገዱ እየሄደ ሳለ ፕሮቡን ምስሉ ሊጠፋ እስኪደርስ ድረስ በዝግታ አላሉት። ዲያስቶሉ ከፍ ካለ ቀድሞ እየተጫናችሁ ነበር ማለት ነው። ከፍ ያለውን ያዙ።

9. ቢያንስ 5 ተከታታይ ተመሳሳይ ምቶች ያሉበትን ሞገድ ፍሪዝ አድርጉ። የ3 ወይም የ5 ምት አማካይ ውሰዱ። ማሽኑ ራሱ የሚስለውን መስመር ሳታዩ አትቀበሉ፤ ጉሙን ተከትሎ ከእውነተኛው ሞገድ የመውጣት ልማድ አለው። ከተጠራጠራችሁ ካሊፐሩን በእጅ አስቀምጡ።

10. ፕሮቡን አንሡ፤ ከዚሁ ደረጃ ተራ ቁጥር 3 ጀምራችሁ ድገሙ። ሁለቱ አር አይ ከ0.05 በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ ለኩ፤ ከመጻፋችሁ በፊት ምክንያቱን ፈልጉ።

ስለ አንግል

በጨረሩና በደሙ አቅጣጫ መካከል ያለው አንግል ካልተስተካከለ ፍጥነቱ በዚህ መጠን ዝቅ ብሎ ይነበባል፦

- 20 ዲግሪ፦ 6 በመቶ
- 30 ዲግሪ፦ 13 በመቶ
- 45 ዲግሪ፦ 29 በመቶ
- 60 ዲግሪ፦ 50 በመቶ

ከ30 ዲግሪ በታች ሥሩ፤ የደም ቅዳው አቅጣጫ በግልጽ በማይታይበት ቦታ የአንግል ማስተካከያ አትጠቀሙ። «አር አይ ጥምርታ ስለሆነ አንግል አይነካውም» ሲባል ትሰማላችሁ። በስሌት ልክ ነው። ነገር ግን አንግሉ ወደ 90 ሲጠጋ ፍጥነቱ ሁሉ ስለሚያንስ ዲያስቶሉ ከፊልተሩ በታች ወርዶ ይቆረጣል፤ አር አይም በሐሰት ያድጋል። ጥምርታው አንግልን የሚረሳው ፊልተሩ ምንም እስካልቆረጠ ድረስ ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ የመካከለኛው የአንጎል ደም ቅዳ

1. ፕሮቡን ከጆሮ ፊት፣ ከጉንጭ አጥንት ቅስት በላይ አግድም አስቀምጡ። እዚያ ያለው አጥንት ስስ ነው።

2. የአንጎል ግንድ የላይኛውን ክፍል ፈልጉ፤ በቢራቢሮ ቅርጽ ይታያል። የአንጎል ደም ቅዳዎች ቀለበት ከፊቱ ነው።

3. ቀለም ክፈቱ። ከመሐል ተነሥቶ ወደ ፕሮቡ እየቀረበ የሚመጣው ቀይ መስመር የመካከለኛው ደም ቅዳ ነው። ወደ መሐል የሚርቀው ሰማያዊ የፊተኛው ጅማሬ ነው፤ አታምታቱት።

4. ጌቱን በመጀመሪያው ቀጥ ያለ ክፍል ላይ አስቀምጡ፤ የቀረውን እንደ ደረጃ 4 ፈጽሙ።

5. ሌላውን ጎን ለኩ። ሕፃኑን አትገልብጡት፤ ፕሮቡን አዙሩ። ግራና ቀኙ በግልጽ ከተለያዩ መጀመሪያ አንግሉን፣ ቀጥሎ የጌቱን ጥልቀት አነጻጽሩ። ልዩነቱ ከጸና ለሐኪሙ አሳውቁ፤ ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ምስል ካጣችሁ ከመጫን ይልቅ ፕሮቡን በሚሊ ሜትሮች ወደ ላይና ወደ ጆሮው አንቀሳቅሱ፤ ፍሪኩዌንሲውንም ዝቅ አድርጉ። የሲፓፕ ኮፍያ ወይም የኢ ኢ ጂ ኤሌክትሮድ ካለበት ነርሷን ሳትጠይቁ አታንሡ።

ደረጃ 6፦ ደም መልስ

ወደ ሊኒየር ፕሮብ ለውጡ። በፊተኛው እርግብግቢት ላይ ከጆሮ ወደ ጆሮ ስታስቀምጡት ከቆዳው ሥር ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ትልቁ ደም መልስ ይታያል። እዚህ ፕሮቡ ቆዳውን እንዳይነካ ጄል ላይ ብቻ ተንሳፍፎ ይቀመጥ፤ ትንሽ ጫና ደም መልሱን ይደፍነዋል። «ፍሰት የለም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ጄል ጨምራችሁ፣ ስኬሉን ወደ 3 አውርዳችሁ፣ ከፊት ወደ ኋላም አዙራችሁ እዩ። ፍሰቱ ቀጣይና ትንሽ የሚወዛወዝ ነው፤ እንደ ደም ቅዳ ጫፍ አትጠብቁበት።

ሞገዱ ሲበላሽ

*ጫፉ ተቆርጦ ከታች ብቅ አለ።* ኤሊያሲንግ ነው፤ ፍጥነቱ ከስኬሉ አልፏል። ቤዝላይኑን (የዜሮ ፍጥነት መስመሩን) ዝቅ አድርጉ፤ ካልበቃ ፒ አር ኤፍ ጨምሩ፤ ካልሆነ ፍሪኩዌንሲ ቀንሱ።

*ከቤዝላይኑ በላይና በታች አንድ ዓይነት ሞገድ።* ጌይኑ በዝቷል ወይም አንግሉ ወደ 90 ቀርቧል።

*ከላይ የሚመታ፣ ከታች የማይመታ ፍሰት።* ጌቱ ደም መልስም ይዟል። አጥብቡት ወይም አንሸራትቱት።

*ሞገዱ ላይ ፈጣን ጥርሶች።* ሕፃኑ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ቬንቲሌተር ላይ ከሆነ ንዝረቱ ነው። ረዘም ያለ ሞገድ ቅዱ፤ ጥርሶቹን ሳይሆን የሞገዱን መሐል አንብቡ። ቬንቲሌተሩን ለምስል ብላችሁ አታስቆሙ።

*እያንዳንዱ ምት የተለያየ ቁመት።* ወይ እጃችሁ ተንቀሳቅሷል፣ ወይ ትንፋሹ ነው፣ ወይ የልብ ምቱ ሥርዓት የለውም። ሞኒተሩን ተመልከቱ።

*ዲያስቶል ጨርሶ የለም።* በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦ ፊልተር፣ ጫና፣ አንግል፣ ሌላ ደም ቅዳ። አራቱንም አልፎ ከቀረ እውነተኛ ነው፤ ሪፖርቱን እስክትጨርሱ ሳትጠብቁ ለሕፃኑ ሐኪም ወዲያው ንገሩ። ፍሰቱ ከቤዝላይኑ በታች ከወረደም እንዲሁ። ሲስቶል 40፣ ዲያስቶል በተቃራኒው 4 ከሆነ አር አይ 44 ÷ 40 = 1.10 ነው፤ ከ1 በላይ መውጣቱ የስሌት ስሕተት አይደለም።

ከቁጥሩ ጋር አብሮ የሚጻፍ

ብቻውን የቆመ አር አይ ምንም አይናገርም። ከጎኑ እነዚህ ከሌሉ ነገ የሚለካው ባለሙያ የሚያነጻጽርበት የለውም፦

- የደም ቅዳው ስም፣ ጎኑ፣ የፕሮቡ ቦታ፣ አንግሉ፣ ፊልተሩ
- የእርግዝና ሳምንት፣ ከተወለደ ስንት ሰዓት፣ ክብደት
- የልብ ምት። ምቱ ሲዘገይ ዲያስቶል ስለሚረዝም መጨረሻው ዝቅ ይላል፣ አር አይ ያድጋል፤ ሲፈጥን ይገለበጣል።
- የደም ግፊት
- በደም ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን። ሲጨምር የአንጎል ደም ቅዳዎች ይሰፋሉ፣ አር አይ ይወርዳል፤ ሲቀንስ ይጠባሉ፣ አር አይ ይጨምራል።
- ሄማቶክሪት (በደም ውስጥ ያለው የቀይ ሴሎች ድርሻ)። የደም ማነስ ፍጥነቱን ከፍ፣ የደም መወፈር ዝቅ ያደርገዋል።
- ፒ ዲ ኤ (ከወሊድ በኋላ ሳይዘጋ የቀረ፣ ዋናውን ደም ቅዳ ከሳንባው ደም ቅዳ የሚያገናኝ መተላለፊያ) መኖር አለመኖሩ
- መድኃኒት። ኢንዶሜታሲን የአንጎል ደም ፍሰትን ይቀንሳል፤ ካፌይንም እንዲሁ።
- የሰውነት ሙቀት፤ ሕፃኑ በማቀዝቀዝ ሕክምና ላይ ከሆነ በጉልህ ይጻፍ።

ንባቡ ምን ሊል ይችላል

ጊዜውን ጠብቆ በተወለደ ጤናማ ሕፃን የፊተኛው ደም ቅዳ አር አይ በግምት ከ0.6 እስከ 0.8 ነው፤ ያለጊዜው በተወለደው አማካዩ ትንሽ ከፍ ይላል። ፍጥነቱ ራሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየጨመረ ስለሚሄድ የትናንቱን ልኬት ከዛሬው ጋር ስታነጻጽሩ ዕድሜውን አትርሱ።

ከፍ ያለ አር አይ። ፒ ዲ ኤ በዲያስቶል ጊዜ ደሙን ከአንጎል ወደ ሳንባ ያዞረዋል፤ ይህ ሲሆን ለውጡ በሁለቱም ጎን ይታያል። ሃይድሮሴፋለስ (በአንጎል ውስጥ የፈሳሽ መጠራቀም) እና የአንጎል እብጠት የራስ ቅል ውስጥ ግፊትን በመጨመር ተመሳሳይ ሞገድ ይሰጣሉ። የቱ እንደሆነ የሚለየው የደረጃ 3 ምስልና የልብ አልትራሳውንድ ነው እንጂ ቁጥሩ አይደለም። በሃይድሮሴፋለስ ላይ እርግብግቢቱን ለ3–5 ሰከንድ ተጭኖ የአር አዩን ለውጥ የማየት ፍተሻ አለ፤ የተለማመደ ሰው አጠገባችሁ ከሌለ፣ ሕፃኑ ካልተረጋጋ ወይም አዲስ መድማት ካለ አትሞክሩት።

ዝቅ ያለ አር አይ። በወሊድ ጊዜ ታፍኖ በነበረ ሕፃን፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ከ0.55 በታች መውረዱ ደም ቅዳዎቹ ፍሰታቸውን መቆጣጠር ማቃታቸውን ይጠቁማል፤ መጥፎ ምልክት ነው። ሁለት ጥንቃቄ አለው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ንባቡ ጤናማ መስሎ ሊቆይ ስለሚችል አንድ ጊዜ ለክቶ መተው አይበቃም፤ በ24 ሰዓት ገደማ ድገሙት። ሕፃኑ እየቀዘቀዘ ከሆነ ደግሞ ይህ ቁጥር የመተንበይ አቅሙ ይዳከማል፤ ወላጆችን ስለ ወደፊቱ ለማነጋገር ብቻውን መሠረት አይሁን። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፍ ብሎ ከተገኘ ቬንቲሌተሩ ተስተካክሎ መጠኑ ሲመለስ ደግማችሁ ለኩ፤ ከዚያ በፊት የተነበበው 0.55 ከሳንባው ይሁን ከአንጎሉ መለየት አይቻልም።